ቁጥሩን ለሚወስደው

ቤርሳቤህ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሱፍ ከሚቆላው ጎን፣
ቻርጀር እንደ ቋንጣ ሰቅላ የጋረደች ፊቷን
አንዲት ሱቅ አለች፣ ቁና የምታክል፤
ይህን ቁጥር ከዚያ ገዛሁት፣ በሃምሳ ሰቅል።

ሻጩ ኤልዳድ ይባላል። እዚያው ተወልዶ ያደገ፣
አማርኛን ከእናቱ ጋር ብቻ የተዋወቀ፤
ስለዚህ ለእሱ
ሰው ሁሉ «አንቺ» ነው፣ አማርኛ ሲይዝ ምላሱ።
«ፓስፖርትሽን ስጪኝ። ስንት ቀን ትቆያለሽ?»
ጢሜ ሸብቷል። ግን አላረምኩትም።
«ሃያ ቀን» አልኩ፣
እናቱን ሆኜ ቆምኩለት፣ ጢሜ እንደ ሸበተ፤
ጉትቻውን ከጆሮው አውልቆ
በጫፉ የስልኬን ሆድ ከፈተ።

የመቂዋ ሲም ወጣች። የጥፍር ቁራጭ ታህላለች።
የእድራችን ጸሐፊ፣ ፓምፕ ጠጋኙ፣ የባንክ ምስጢሬ፣
ብድሬን የበላው ግርማቸው
ሁሉም እዚያች ላይ ነበሩ።
በፕላስተር ከፓስፖርቴ ጀርባ ለጠፋትና
«ተጠንቀቂ» አለኝ፣ «ይቺ ከጠፋች የለሽም።»

ለሥልጠና ነው የመጣሁት፤
አሸዋ ላይ ቲማቲም በጠብታ ስለ ማጠጣት።
ቀን ቀን የጎማ ቀዳዳ ስቆጥር ውዬ
ማታ ለእናቴ ደወልኩ።
አላነሳችም።
ደገምኩ። አላነሳችም።
አውቃታለሁ፤ መነጽሯን ትፈልጋለች፣
የጎረቤት ልጅ ሲፈንን ትጠራለች፣
«በዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት የሚጀምር ምን ጉድ ነው?» ትላለች፤
ሬዲዮ ስለ አጭበርባሪ ያወራው ትዝ ይላትና
ስልኩን ትራስ ሥር ትከተዋለች፣ እስኪበርድ እስኪጸና።

ያኔ ነው ሐረማያ ትዝ ያለኝ።
ተማሪ ሳለሁ ካርድ መሙያ የለኝም፣ እሷም የላትም፤
ቋንቋችን ሚስኮል ነበር።
አንዴ ጠርቶ ሲቆረጥ «ደህና ነኝ»፣
ሁለቴ ከሆነ «ብር»፣
ሦስቴን ለክፉ ቀን አስቀመጥነው፤
ተመስገን፣ እስከ ዛሬ አልተነካም፣ እንደ ታሸገ ነው።

አንዴ አስጠራሁ። ቆረጥኩ።
መብራት አጥፍቼ አልጋ ጫፍ ላይ ጠበቅሁ።
ጣሪያው በራ።
አንዴ ጠርቶ ቆመ፣
የቀረውን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

ከዚያ አርብ መጣ።
አውቶቡስ የለም፣ ሱፍ ቆይውም ዘግቷል፣
ከተማው እንደ ተከደነ ድስት ጸጥ ብሏል።
ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር።
እንደ እናቴ ልተወው ነበር። አነሳሁ።
አሮጊት ናት። «ሩቬን?» አለች፣
ሳል እያቋረጣት ብዙ ነገር ተናገረች።
ከቋንቋዋ ሦስት ቃል ነበረኝ፤ አንዷን ሰጠኋት፤
«ሻሎም» አልኳት።
ዝም አለች። ከኋላዋ ቧንቧ ይንጠባጠባል።
ቆጠርኩት፣ ሥራዬ ነውና፤ በደቂቃ አርባ።
ይህ ሁሉ ውሃ፣ በዚህ በረሃ።

ለኤልዳድ ነገርኩት። «ቁጥሩ የሰው ነበር» አለ፣
«ያልተከፈለ ቁጥር ለሌላ ይሰጣል።
አንቺም ስትሄጂ ይሰጣል።»
«ሩቬን የት ሄደ?»
ትከሻውን ሰበቀ። እሱ የሚሸጠው ሲም ነው።

በሁለተኛው አርብም ደወለች። ሩቬን አላለችኝም፤
የሆነ ነገር እያኘከች ስለ አንድ ነገር አማረረች፤
እኔም በአማርኛ ስለ ግርማቸው ነገርኳት።
ስቃለች መሰለኝ።
በሦስተኛው አርብ ቧንቧው አይንጠባጠብም ነበር፤
ማን እንዳሠራላት እንጃ።

ነገ እሄዳለሁ።
ፕላስተሩን ልጬ የመቂዋን እመልሳለሁ፣
ይህችን ሲም ኤልዳድ መሳቢያ ውስጥ ይጥላታል፣
ቁጥሩ ደግሞ ጥቂት ወር ያለ ሰው ይቆያል።
ስለዚህ አንተ፣ ወይም በኤልዳድ አማርኛ አንቺ፣
አርብ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከጠራ፣ አንሺ።
ሩቬን ነኝ አትበይ። አይደለሁምም አትበይ።
ቧንቧው እንደገና ጀምሮ እንደ ሆነ
ብቻ፣ አዳምጪልኝ።